ባሕር ከኦቾሎ ሲታይ

ወደ ጋሞ ምድር ስንወርድ ያሰብነው የሐይቆቹን ውበትና የተራሮቹን ከፍታ አይተን ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማውሳት ብቻ ነበር። ነገር ግን በኦቾሎ አምባ ላይ፣ በአንድ ቤተሰብ ምድጃ አጠገብ፣ ያላሰብነው ጥያቄ ጠበቀን። ጥያቄውም «ባሕር በሌለው አገር የባሕር ዕውቀት ለምን ይበጃል?» የሚል ነበር። ጠያቂው የቤቱ አባወራ፣ ተጠያቂዎቹ እኛ፣ የጥያቄው ምክንያት ደግሞ ከምድጃው ማዶ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ሴት ልጁ ነበረች። ልጆች ስለሚመርጡት ትምህርት ይህን የመሰለ ክርክር በብዙ ቤት የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ያየነውንና የሰማነውን በቅደም ተከተል ብናቀርበው ለወላጆችም ለልጆችም ይጠቅማል ብለን አሰብን።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ በታች በደኑ ጥላ ሥር ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋው ከጨንቻ ወደዚህ የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነበር። ከከተማዋ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ሁለት ሐይቆች ባንድ ጊዜ ይታዩታል፤ በስተግራ አባያ፣ በስተቀኝ ጫሞ። በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ከፍ ያለ ጠባብ መሬት ተጋድሟል፤ ከዚያም ወዲያ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ተዘርግቷል። ሁለቱ ሐይቆች እንዲህ ጎረቤታሞች ሲሆኑ መልካቸው ግን አይገናኝም። አባያ እንደ ሸክላ ጭቃ የቀላ ነው፤ ጫሞ ግን ወደ አረንጓዴነት ያዘነብላል። እኛም በዚያ ምሽት በመልካቸው ልዩነት ከመደነቅ በቀር ምክንያቱን አልጠየቅንም ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ሶዶ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወደ ሰሜን ተጓዝን። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የመስቀል በዓል ካለፈ ብዙ አልቆየም። በስተግራችን የጋሞ ተራሮች፣ በስተቀኛችን በሙዝ እርሻ ማዶ የአባያ ውኃ ይታያል። ላንቴ ስንደርስ ሙዝ በየዘለላው በመንገዱ ዳር ተደርድሮ፣ የጭነት መኪናዎች ቆመው ሲጭኑ አገኘን። የምንፈልገው ቤተሰብ የእርሻ ማሳ በዚሁ ቆላ ነው፤ ቤቱ ግን በተራራው ራስ ላይ በኦቾሎ ነው። አባወራው በላንቴ ተቀብሎን «ሳሮ» ብሎ በጋሞኛ ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ሽቅብ መውጣት ጀመርን።

መንገዱ ለከተማ ሰው ጉልበት የሚራራ አይደለም። የቆላው ሙቀት ጥቂት በጥቂት ከኋላችን ቀረ፤ ነፋሱም ቀዘቀዘ። ከፍ ባልን ቍጥር ድንጋዩ ይበዛል። በኦቾሎ አንዳንዱ ቋጥኝ ከቤት ይበልጣል፤ ቤቶቹም በቋጥኞቹ መካከል እንደ ልጅ በእናቱ ጉያ ተሸጉጠው ተሠርተዋል። በዋሻውና በንቃቃቱ ሽኮኮ ይኖራል፤ ሰው ሲመጣ ብቅ ብሎ አይቶ ተመልሶ ይገባል። ወደ አፋፉ ስንወጣና ዘወር ስንል ግን ድካማችንን ረሳን። አባያ ከእግራችን በታች፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ ዓይን እስኪታክተው ድረስ ተንጣልሎ ነበር። የሐይቁ ስፋት ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የጣሊያኑ አሳሽ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርገሪታ» ብሎት ነበር፤ ስሙም በአያሌ የአውሮፓ ካርታዎች ላይ ለብዙ ዘመን ቆይቷል። የአገሩ ሰው ግን አባያን አባያ ማለቱን አልተወም።

ኦቾሎ ለሊቃውንት እንግዳ አገር አይደለችም። ጋሞዎች ስለ ጋራ ጉዳያቸው የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት «ዱቡሻ» የሚባል የሸንጎ ሥፍራ አላቸው። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ኦቾሎ መጥቶ የሸንጎውን ሥርዓት ካጠና በኋላ በ1983 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። ከዚህም ሌላ ቁንጭር የተባለው የቆዳ በሽታ በዚህ አምባ ላይ አያሌ ሰዎችን፣ ይልቁንም ሕፃናትን፣ ሲያጠቃ ስለ ኖረ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያም ከውጭም እየመጡ ምክንያቱን መርምረዋል። ያገኙትም በሽታውን የሚያመጣው ዓይን የማያየው ነፍስ በሽኮኮው አካል ውስጥ እንደሚኖር፣ ከዋሻው የምትወጣ ትንሽ ዝንብም ሽኮኮውን ነክሳ ከዚያ ሰውን ስትነክስ እንደምታስተላልፈው ነው። ይህን እዚህ ላይ ያነሣነው በኋላ በክርክሩ ውስጥ ስለሚመጣ ነው።

ማታ በሐለኮ ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ምግብ ቀርቦልን ከበላን በኋላ አባወራው ነገሩን አነሣ። ልጅቱ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት በመልካም ውጤት ፈጽማለች። አሁን የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ነው። ውጤቷ ለሕክምና ያበቃታል፤ እርሷ ግን ሥነ ሕይወትን ተምራ፣ ከዚያም የባሕርንና የሐይቅን ፍጥረታት ማጥናት እንደምትፈልግ ለአባቷ ነግራዋለች።

«እኔ እርሷን ያስተማርኩት ከላንቴ ሙዝ በትከሻዬ ተሸክሜ ነው» አለ አባትዮው። «ሐኪም ብትሆን እናቷን ታክማለች፤ የአገሩን ልጆች ከቁንጭር ታድናለች። ባሕር ግን የት አለን? ከአሰብና ከምጽዋ ከተለየን ስንት ዓመት ሆነን? ዓሣ አጥማጅ ለመሆን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ምከሩልኝ።»

እናቲቱ ደግሞ ሌላ ሥጋት ነበራት። «እኔ የምፈራው አዞውን ነው» አለች። «ውኃ የወሰደውን አይመልስም።»

ልጅቱ ለአባቷ በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳትፈራ መለሰች። «አባባ፣ ቁንጭርን ሐኪም ያክማል። ከሽኮኮው እንደሚመጣ ያወቁት ግን ቁስሉን ያዩት ብቻ አይደሉም፤ ሽኮኮውንና ዝንቧን ያጠኑም ጭምር ናቸው። ፍጥረትን ማጥናት ሰውን መርዳት አይደለምን?»

አባትዮው ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። በእውነቱ ያን ምሽት ለአባትዮው የሚበቃ መልስ አልነበረንም። የአባት ድካም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐኪም ለሌለው መንደር ሐኪም መመኘትም ስሕተት አይደለም። ስለዚህ «ነገ ሁላችንም ወደ ሐይቆቹ እንውረድ፤ እዚያ እንነጋገር» ብለን ተለያየን። አባትዮውም በአርባ ምንጭ ገበያ ጉዳይ ስለ ነበረው እሺ አለ።

ሌሊቱን ግን አንድ ነገር ታሰበን። በቋንቋችን ባሕርና ሐይቅ ፈጽሞ የተለያዩ ሆነው አያውቁም። በጣና ዳር የተቆረቆረችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለናታል። በደቡብ ጠረፍ፣ ከዓመት ዓመት ውኃው የሚመላለስበትን ጨዋማ ሐይቅ ጨው ባሕር እንለዋለን። እንግዲህ አባቶቻችን ሰፊውን ውኃ ሁሉ በአንድ ስም ጠርተውታል። ይህ አነጋገር ብቻ ነው ወይስ እውነት አለበት?

መልሱን የምታውቀው ልጅቱ ራሷ ኖራለች። በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ከእናቷ ዕቃ መካከል አሮጌ ነጭ የብረት ሳሕን ይዛ መጣች። ሳሕኑን በሦስት ቦታ በስታ ገመድ አስራበታለች፤ በገመዱም ላይ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጋለች። ይህ መሣሪያ ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጀሎ ሴኪ የተባለው የሮማ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በመርከብ ሆኖ ነጭ ክብ ሰሌዳ ወደ ውኃው እያወረደ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ይለካ ነበር። ከዚያ ወዲህ የባሕርም የሐይቅም ተመራማሪዎች የውኃን ጥራት በዚሁ ዘዴ ይለኩታል፤ መሣሪያውም በስሙ የሴኪ ሰሌዳ ይባላል። ዛሬ እጅግ ረቂቅ መሣሪያዎች ቢኖሩም የሴኪ ሰሌዳ ከተመራማሪው ታንኳ አልወጣም።

በአባያ ላይ በጀልባ ጥቂት ገባ ብለን ልጅቱ ሳሕኑን አወረደች። ሳሕኑ ገና ሁለተኛው ቋጠሮ ውኃ እንደ ነካ ጠፋ። እጃችንን ብናስገባ ጣቶቻችን አልታዩንም። ልጅቱም ምክንያቱን አስረዳችን። የአባያ ውኃ የቀላው ወንዞች ከተራራው ጠርገው ባመጡት እጅግ በደቀቀ አፈር ነው። አፈሩ ከመድቀቁ የተነሣ በቀላሉ ወደ ታች አይዘቅጥም፤ የሐይቁም ጥልቀት ከ13 ሜትር ብዙ ስለማያልፍ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ከሥር እየታወከ ይነሣል። ብርሃን ወደ ውስጥ ካልገባ በውኃው ውስጥ የሚኖሩት ደቃቅ አረንጓዴ እፀዋት ሊያድጉ አይችሉም። እነርሱ ካላደጉ እነርሱን የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት ያንሳሉ፤ ነፍሳቱ ካነሱ ዓሣውም ያንሳል። በጥልቁ ውቅያኖስ ውስጥ ያለውም ሥርዓት ይኸው ነው፤ እዚያም መነሻው ብርሃን፣ ቀጥሎ ደቃቁ እፅ፣ ከዚያ ደቃቁ ነፍሳት፣ በመጨረሻም ታላቁ ዓሣ ነው። ልዩነቱ በጥልቀቱና በጨውነቱ ነው። በቀይ ባሕር አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ወደ 40 ግራም ጨው ሲገኝ በአባያ ግን ከ1 ግራም ብዙ አይርቅም። የቀይ ባሕር ጥልቅ ሥፍራ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወርዳል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጫሞ ተሻገርን። እዚህ ሳሕኑ ከአባያው ይልቅ ዘልቆ ታየ። ውኃው ጠርቶ ግን እንደ መስተዋት አልነበረም፤ የአረንጓዴው እፅ ብዛት ያደበዝዘዋል። በዳርቻው «የአዞ ገበያ» በሚባለው ሥፍራ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ጉማሬዎችም በሩቅ ይታዩ ነበር። አባትዮው ልጁን በዓይኑ እየጠበቀ አንዲት ቃል ሳይናገር ተቀመጠ።

ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያወጡ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ናይል ፐርች የሚባለውንም ታላቅ ዓሣ አየን። ከአጥማጆቹ አንዱ ሽማግሌ «ቀድሞ ናይል ፐርች ሰው የሚያህል እንይዝ ነበር፤ ዛሬ ይህን ያህል ትንሹን እንይዛለን» ብሎ በክንዱ አሳየን። መረቡ በዛ፣ ቀዳዳውም ጠበበ፤ ገና ያልወለደው ዓሣ ይያዛል። በዓቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊው እጅግ እንደሚበዛ፣ ዋጋውም እንደሚወደድ ነገረን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ስለሚለው ነገር መናገር የአባቶች ነው፤ እኛ አንገባበትም። ነገር ግን በየቤታችን ገበታ የሚቀርበው ዓሣ ከየት እንደሚመጣ፣ ለመውለድ ጊዜ አግኝቶ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ማሰብ የሁላችንም ድርሻ መሆኑን በዚያ ዳርቻ ተረዳን።

ለመሆኑ የዓባይ ዓሣ ወደ ጫሞ እንዴት ገባ? ናይል ፐርች በስሙም እንደሚታወቀው የዓባይ ወንዝ ዓሣ ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰው አምጥቶ ጨምሮት በዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩትን አያሌ ዓይነት ትንንሽ ዓሣዎች አጥፍቷል። በጫሞ ግን ማንም አላመጣውም፤ የአገሩ ተወላጅ ነው። ሊቃውንት የሚሰጡት ምክንያት የሚያስደንቅ ነው። ከ15,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ እጅግ በዝቶ ነበር። በዚያ ጊዜ አባያ ወደ ጫሞ፣ ጫሞ ሞልቶ በሰገን ወንዝ በኩል ወደ ጨው ባሕር፣ ጨው ባሕር ወደ ቱርካና፣ ቱርካናም በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስ ነበር። ነጭ ዓባይ ደግሞ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። እንግዲህ ከኦቾሎ አምባ የፈሰሰ ዝናብ አንድ ጊዜ እስከ ታላቁ ባሕር ይደርስ ነበር ማለት ነው። ዘመኑ ሲደርቅ መንገዱ ተቋረጠ፤ ዓሣው ግን ለምስክርነት ቀረ። አባትዮው ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ልጁ ዞሮ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ሲል ጠየቃት።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ከሰማይ አልወረደም፤ በሰው ልጅ ድካም የተሰበሰበ ነው። በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይ የሠሩት ሰዎች ታሪክም ለወጣቱ ትምህርት ይሆናል። በቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት አረንጓዴና ኪሎሌ በተባሉት ትንንሽ ሐይቆች ላይ ታሊንግ፣ ውድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር የተባሉት ሊቃውንት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። የውኃ እፅ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የመሥራት ኃይሉ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ዓለም ያወቀው ከእነዚህ ሐይቆች ጭምር ነው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አምኃ በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በጫሞ ላይ አረንጓዴው እፅ ያለ ልክ የበዛበትን ሁኔታ ከውድ ጋር አጥንተው በ1982 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መጽሔት በሲኔት አሳተሙ። እፁ ያለ ልክ ከበዛ በኋላ ሲሞትና ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ያን ጊዜ ዓሣ ይታፈናል። ዶክተር አምኃ ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ስፒሩሊና የተባለውን ለምግብ የሚሆን የውኃ እፅ በካሊፎርኒያ በሰፊው በማምረት ሥራ የታወቁ ሆነዋል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ኤልያስ ዳደቦም በዚሁ በጫሞ ዓሣዎች ላይ አመጋገባቸውንና አረባባቸውን መርምረው ጽፈዋል።

እነዚህ ሰዎች ይህን የሠሩት በሐይቅ ላይ እንጂ በባሕር ዳርቻ አይደለም። በዓለምም ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስዊስ እንደ አሁኗ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም። ነገር ግን ፍራንሷ አልፎንስ ፎሬል የተባለው የስዊስ ሊቅ በደጁ ያለውን የጄኔቭ ሐይቅ ዕድሜውን ሙሉ አጥንቶ እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1904 በሦስት ቅጽ ጻፈ፤ አዲሱንም ትምህርት «የሐይቆች ውቅያኖስ ጥናት» ሲል ተረጐመው። ሙያውም ሕክምና ነበር። ይህን ስንናገር አባትዮው ፈገግ አለ። የዚያው አገር ሰው ዣክ ፒካርም እ.ኤ.አ. በ1960 ከአሜሪካዊው መኮንን ከዶን ዋልሽ ጋር በፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ከሁሉ ወደሚጠልቀው ሥፍራ፣ 11,000 ሜትር ወደሚጠጋው፣ በመጀመሪያ የወረደ ነው። በአንጻሩ ደግሞ የራሳችንን ታሪክ እናስብ። ቀይ ባሕር በደጃችን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 የዳህላክን ደሴቶች ፍጥረታት ለማጥናት የእስራኤል ሊቃውንት በመርከብ መጥተው ነበር። ወደቦቹ በ1985 ዓ.ም. ከእኛ ተለዩ። ዳርቻ ያለው ሁሉ ዕውቀቱ የለውም፤ ዳርቻ የሌለውም ሁሉ ከዕውቀቱ አይከለከልም።

ማታ በአርባ ምንጭ ተቀምጠን አባትዮው «መንገዱ እንዴት ነው? ስንት ዓመት ይፈጃል? ማንስ ይከፍላል?» እያለ ጠየቀ። ወላጅ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ነውና የምናውቀውን ነገርነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሥነ ሕይወትን ከኬሚስትሪና ከሒሳብ ጋር አጥብቆ መማር ነው። ሒሳብን የሸሸ ተማሪ ኋላ በዓሣ ቈጠራና በውኃ ልኬት ይቸገራል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተመሥርቶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነው። ሁለተኛው ደረጃ በማስተርስ ስለ ዓሣና ስለ ውኃ ሕይወት መማር ነው፤ ይህም በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ተሰጥቷል። በሰበታ ያለው የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም ለእንዲህ ያለው ባለሙያ የሥራ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ባሕር ማዶ ነው። በኦስትሪያ በሞንድዜ ሐይቅ ዳር ለብዙ ዓመታት ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች ስለ ሐይቅ ሲማሩበት የቆየ ትምህርት ነበር፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ተማሪዎችም በዚያ ሠልጥነዋል። በቤልጅግ ደግሞ የብራስልስ፣ የጌንትና የአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድነት የሚሰጡት የማስተርስ ትምህርት ስሙ «ውቅያኖሶችና ሐይቆች» ይባላል። እዚህ ላይ አባቶቻችን በአንድ ስም የጠሩትን ሊቃውንቱም በአንድ ትምህርት እንዳጣመሩት አየን። እንዲህ ያሉት ትምህርቶች ለአፍሪካ ተማሪዎች የገንዘብ ርዳታ ሲያገኙባቸው ቆይተዋል፤ ነገር ግን የሚያገኘው በሥራውና በውጤቱ የተመሰከረለት ተማሪ ነው። ይህ ትምህርት ከመርከበኝነት የተለየ መሆኑንም አስረዳነው። በመርከብ ላይ በመሐንዲስነት መሥራት ለሚፈልጉ ወጣቶች በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የማሪታይም ማሠልጠኛ አለ፤ ያ ሌላ መንገድ ነው። ይኸኛው የውኃውንና በውስጡ ያለውን ሕይወት ምሥጢር መመርመር ነው። ሀብት ቶሎ አይመጣበትም፤ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህንም ሳንደብቅ ነገርነው።

አባትዮው ሁሉን ሰምቶ «እሺ» አላለም፤ «እምቢ» ም አላለም።

በማግሥቱ ወደ ላንቴ ስንመለስ ሌሊቱን በተራራው ላይ ዘንቦ ነበር። የሐሬ ወንዝ ድልድይ ጋ ስንደርስ አባትዮው መኪናውን አስቆመ። ወንዙ ቀልቶ፣ ቅርንጫፍና ሣር ይዞ ወደ አባያ ይጋልብ ነበር። አባትዮው ወርዶ ከልጁ እጅ ሳሕኑን ተቀበለና ጥቂት ረጋ ባለው ዳርቻ ራሱ አወረደው። ሳሕኑ ገና ከመጥለቁ ተሰወረ። እርሱም ቀና ብሎ ወደ ተራራዎቹ ተመለከተ። በቁልቁለቱ ላይ ማሳዎች ይታዩ ነበር፤ አንዳንዱ በእርከን የተያዘ፣ አንዳንዱ ግን የተራቆተ።

«ይህ አፈር ከላይ ከእኛ ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶም «እኔ አባያ ዱሮውንም ቀይ ነው ስል ነበር የኖርኩት። የእኔም ማሳ በዚያ ውስጥ እንዳለ አላሰብኩም» አለ።

ልጅቱ ምንም አልመለሰችም። መልካም አደረገች ብለን አሰብን፤ ነገሩ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ዓይኑ ገብቶታልና። ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ተራራውን ማወቅ ግድ ነው፤ ዓሣውን የሚያድን ሰው ከገበሬው ጋር መምከር ግድ ነው። የኦቾሎ ልጅ የውኃ ሊቅ ብትሆን ሥራዋ ባሕር ማዶ ብቻ አይሆንም፤ መጀመሪያ የሚጠብቃት የአባቷ ማሳ ዳር ነው።

ኦቾሎ ስንደርስ አባትዮው ለሚስቱ በጋሞኛ ብዙ ተናገረ። የተረጐመችልን ልጅቱ ናት፤ «የመረጠችውን ትሙላ፤ ነገር ግን ተምራ ስትጨርስ መጀመሪያ በዱቡሻው ቆማ ስለ አፈሩ ለአገሩ ሰው ትንገር» ማለቱ ነበር። ሌሎች ወላጆች በዚህ ይስማሙ አይስማሙ እኛ አናውቅም፤ ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ ችግር አለው። ሕክምናም የተቀደሰ ሙያ ነው፤ ልጆቻቸውን ለዚያ የሚመርቁ ወላጆች አልተሳሳቱም። እኛ የምንለው፣ ልጅ ያልተለመደ ነገር ሲመርጥ ከመቈጣት በፊት አንድ ቀን ከእርሱ ጋር ወርዶ የሚያየውን ማየት ይበጃል ነው።

እናቲቱ ግን የሰጠችው መልስ አጭር ነበር። የተበሳውን ሳሕኗን ከልጅቱ እጅ ተቀብላ ገለባበጠችው፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ ዳሩ የዛገ ነበር። ወደ ጓዳ ገብታ ገና ያልተነካ ነጭ ሳሕን ይዛ ወጣችና ለልጇ ሰጠቻት።

«ይኼኛው ይሻላል፤ ደህና ነጭ ነው» አለች። «አዞ ወዳለበት ግን ብቻሽን እንዳትገቢ።»